የጓሮ ቲማቲም ከዘር እስከ ዘር

ከገበያ የተገዛ ቲማቲም ጨምቆ፣ ዘሩን አድርቆ መዝራት ብዙ ሰው ይሞክረዋል። መብቀሉ አይቀርም። ጉዱ የሚታየው ሲያፈራ ነው፦ አንዱ ተክል ክብ፣ አንዱ ሞላላ፣ አንዱ ደግሞ ቆዳው ወፍራም ሆኖ ጣዕሙ ውሃ ውሃ የሚል ይሰጣል። ጥፋቱ የአፈሩም የአብቃዩም አይደለም፤ ከዘሩ ነው። ለገበያ በብዛት የሚያመርቱ እርሻዎች ድቅል ዝርያ ይመርጣሉ። ድቅል ማለት ሁለት የተለያዩ ወላጆች ሆን ተብሎ ተዳቅለው የተገኘ የመጀመሪያ ትውልድ ነው። እሱ ራሱ ወጥ ነው፤ ከእሱ የሚወጣው ዘር ግን አንዱ አባቱን፣ አንዱ አያቱን እየመሰለ ይበታተናል።

ለጓሮ የሚበጀው ዘሩን የሚጠብቅ ቲማቲም ነው፦ የዘንድሮው ፍሬ ዘር ለከርሞ ያንኑ የሚያፈራ። ውጭ አገር «ኤርሉም» የሚሉት ከዚህ ወገን ነው፤ ቃሉ ከወላጅ ለልጅ የሚወረስ ዕቃ ማለት ሲሆን፣ ብዙዎች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ለነበሩ ዝርያዎች ብቻ ይጠቀሙበታል። በዚህ መስፈርት ማርግሎብ ይገባል፤ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በ1925 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ፍሬው ክብና ቀይ የሆነ ዝርያ ነው፤ በእኛም አገር ከቆዩት አንዱ ነው። ሮማ ቪኤፍ በዕድሜ ያንሳል፤ ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት መልካ ሾላና መልካ ሳልሳም እንዲሁ። ዘራቸውን ግን ሁሉም ይጠብቃሉ፤ ለጓሮ ሰው ቁም ነገሩ ዕድሜያቸው ሳይሆን ይኸው ነው። ዘር ሲገዙ እሽጉ ላይ «ድቅል» ወይም «ኤፍ 1» የሚል ካለ ይተዉት።

አንድ ነገር ደግሞ ከመግዛትዎ በፊት ይወስኑ። ቲማቲም ሁለት ዓይነት አስተዳደግ አለው። ድንኩ እስከ ወገብ ግድም አድጎ ጫፉ ላይ አበባ አውጥቶ ይቆማል፤ ፍሬውንም በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ጠቅልሎ ይሰጣል። ሮማ ቪኤፍና ሁለቱ መልካዎች እዚህ ናቸው፤ ለድልህ፣ ለማድረቅና ለስጎ ይመቻሉ። ረጅሙ ማደጉን አያቆምም፤ ከሰው ቁመት በላይ ወጥቶ ለወራት ጥቂት ጥቂት እያፈራ ይቆያል። መኒሜከር እንዲህ ያለ ነው። ለዕለት ሰላጣ የሚፈልግ ረጅሙን ይምረጥ፤ ድጋፍና መግረዝ ግን ግዴታው ነው።

መቼ ይዘራ?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ድካም ከንቱ የሚቀረው። ቲማቲም ብርድም ዝናብም ጠላቱ ነው፤ ስለዚህ መቁጠር ያለብዎ ከሚዘሩበት ቀን ሳይሆን ከሚያብብበት ቀን ነው። የሌሊቱ ሙቀት ከ13 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ግድም ሲወርድ የአበባው ዱቄት ይደክማል፤ አበባው ሳይቋጥር ከአንገቱ ተቀንጥሶ ይረግፋል። ቀኑ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍም ያው ነው።

በቢሾፍቱ፣ በአዳማ፣ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳርና በመሳሰሉት ወይና ደጋ ከተሞች ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከዝናብ በተከለለ ቦታ ዘርቶ፣ መስከረም መጨረሻ ዝናቡ ሲያባራ መትከል ያዋጣል። ከተተከለ በ70 እስከ 85 ቀን የመጀመሪያው ፍሬ ይቀላል፤ ታኅሣሥ ላይ ይለቀማል ማለት ነው።

አዲስ አበባ ግን ሌላ አገር ነው። በዚሁ ቀመር ከሄዱ አበባው ልክ በኅዳርና በታኅሣሥ ቁር ላይ ይወድቃል፤ ዳር ዳር ያሉ ሰፈሮች ላይ ውርጭም አለ። ስለዚህ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ቤት ውስጥ ዘርቶ፣ ጥር መጨረሻ ላይ መትከል ይሻላል። አበባው በመጋቢት ሙቀት ይከፈታል፤ ፍሬው ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ ይደርሳል፤ ሐምሌ ሳይገባ መደቡን ያጸዳሉ። ቢሆንም የአዲስ አበባ ሌሊት ለቲማቲም መቼም ሞቃት አይደለም፤ ከተከላ እስከ ፍሬ ያለው ጊዜ በሁለትና በሦስት ሳምንት ሊረዝም ይችላል። ቀን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግንብ ሥር መትከል ትልቅ ልዩነት ያመጣል፤ ግንቡ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳልና። ትልልቅ ፍሬ ካላቸው ይልቅ ትንንሽና መካከለኛ ፍሬ ያላቸው ዝርያዎች ብርዱን ይችሉታል።

ውጭ ላላችሁ፦ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ በማርች አጋማሽ ቤት ውስጥ ተዘርቶ፣ ሜይ ከገባ በኋላ መሬት ይወርዳል። በገልፍ አገሮች የቲማቲም ወቅት ቀዝቃዛዎቹ ወራት ናቸው፤ በሴፕቴምበር ይዘራል፣ በኦክቶበር ይተከላል።

ዘሩን መፈተን

አንድ ግራም የቲማቲም ዘር ከ300 ፍሬ አያንስም፤ ለአንድ ቤተሰብ ደግሞ ከ6 እስከ 8 ተክል ይበቃል። ያረጀ ወይም ከየት እንደመጣ የማያውቁት ዘር ከሆነ መጀመሪያ ይፈትኑት። 10 ፍሬ ቆጥረው በረጠበ ሶፍት ላይ ይደርድሩ፣ ጠቅልለው ፌስታል ውስጥ ይክተቱና ማቀዝቀዣው አናት ላይ ያስቀምጡ። በ10 ቀን ውስጥ 7 እና ከዚያ በላይ ካቆጠቆጠ ዘሩ ደህና ነው። ከ4 እስከ 6 ከሆነ እጥፍ አድርገው ይዝሩ። ከዚያ በታች ከሆነ ሌላ ዘር ይፈልጉ።

ችግኝ ማፍላት

ለአፈሩ፦ ሁለት እጅ የተነፋ ያረጀ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ። ኮምፖስቱ ሽታ ካለው ወይም እጅ ላይ ሙቀት ከተሰማዎ ገና አልበሰለም፤ ሥር ያቃጥላል። የተደባለቀውን አፈር በቀዳዳ ዕቃ አድርገው የፈላ ውሃ ያፍስሱበት፤ ውሃው ተንጠፍጥፎ አፈሩ እስኪቀዘቅዝ አንድ ቀን ይቆይ። ይህ ችግኝ የሚጥለውን ፈንገስ ይቀንሳል።

ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ጎኑ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ወይም ወገቡ ላይ የተቆረጠ ሃይላንድ ይበቃል፤ በጋለ ምስማር ቂጡን ስድስትና ሰባት ቦታ ይብሱት። አፈሩን ሞልተው ሳይጠቀጥቁት ዕቃውን መሬት ላይ መታ መታ አድርገው ያስተካክሉት። በየ3 ሴንቲ ሜትሩ አንዳንድ ፍሬ ያኑሩ፤ ጥልቀቱ ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር። ከዚያ በላይ ከተቀበረ ብርሃን ሳያይ ጉልበቱን ይጨርሳል። ላዩን በፌስታል ወይም በመስታወት ይሸፍኑ።

ዘሩ ለመብቀል ሙቀት እንጂ ብርሃን አይፈልግም። ከ21 እስከ 27 ዲግሪ ባለበት በ5 እስከ 8 ቀን ብቅ ይላል፤ 15 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ኩሽና ውስጥ ጥሩ ቦታ አይጠፋም። ነገር ግን የመጀመሪያው ቡቃያ አንገቱን ባወጣበት ቀን ሽፋኑን አንሥተው ወደ ብርሃን ያውጡት። ሁለት ቀን ቢዘገዩ ቀጥኖ፣ ነጥቶ፣ እንደ ክር ተስቦ ያገኙታል። መስኮት ዳር ብቻ የሚውል ከሆነ በየቀኑ ዕቃውን ያዙሩት፤ በመዳፍዎም ቀስ አድርገው አናቱን ዳበስ ዳበስ ያድርጉት፤ ንፋስ እንደነካው ሆኖ ግንዱን ያወፍራል።

ውሃ ከላይ አያፍስሱ። ዕቃውን ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ያስቀምጡና የአፈሩ ገጽ ሲጨልም ያንሡት። ችግኝ ከጠዋት እስከ ማታ ባለው ጊዜ ግንዱ ከአፈሩ አፋፍ ላይ ቀጥኖ ጋደም ካለ ፈንገስ ነው የጣለው፤ መንገዱን የጠረጉለት ብዙ ውሃ፣ ብርድና መጠጋጋት ናቸው። የወደቀው አይድንም። የወደቁትን ከነአፈራቸው በማንኪያ ያውጡ፣ የተረፉት ግርጌ ደረቅ አሸዋ ይበትኑ፣ ለሁለት ቀን ውሃ ይከልክሉ፣ አየር ያስገቡ።

መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ለስላሳ ቅጠሎች የዘር ቅጠሎች ናቸው። ከእነሱ በላይ ዳሩ ጥርሳም የሆነው የቲማቲም ቅጠል ሲወጣ ለየብቻ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ወዳለው ዕቃ ይዛወራል። ሲያነሡት በቅጠሉ ይያዙት፤ ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ይወጣል፣ ግንድ ከተጨፈለቀ ግን አለቀለት። እስከ ዘር ቅጠሎቹ ድረስ ይቅበሩት። ከዚህ በኋላ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ፍግ ተዘፍዝፎበት የሰነበተ ውሃ በ10 እጥፍ ንጹሕ ውሃ አቅጥነው ግርጌው ላይ ብቻ ይስጡት።

ችግኙ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሲደርስና ግንዱ እርሳስ ሲያክል ለተከላ ደርሷል፤ እንደ ሙቀቱ ከ5 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። ከቤት አውጥቶ በቀጥታ ፀሐይ ላይ መትከል ግን ቅጠሉን አንጥቶ ያቃጥለዋል፤ የደጋ ፀሐይ ጨካኝ ናት። በመጀመሪያው ቀን ጥላ ሥር አንድ ሰዓት፣ ቀጥሎ የጠዋት ፀሐይ ሁለት ሰዓት፣ እንዲህ እያሉ በ7 እስከ 10 ቀን ያለማምዱት።

መደብና ተከላ

በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይምረጡ። ባለፉት ሦስት ዓመታት ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያ ወይም ደበርጃን የበቀለበት መደብ ይቅርብዎ፤ አንድ ዘመድ ናቸው፣ በሽታቸውም አንድ ነው። ድንች ጎን ለጎን መትከልም ምች (በዝናብና በብርድ ቅጠሉን የሚያጠቁር በሽታ) መጋበዝ ነው። አፈሩ ውሃ የሚያቁር ጥቁር ዋልካ ከሆነ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ይሥሩ፤ ሥሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ይታፈናል።

ጉድጓዱ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ያረጀ ኮምፖስት ከወጣው አፈር ጋር ያደባልቁ። ቀይ አፈር ብዙ ጊዜ ኮምጣጣ ስለሆነ አንድ እፍኝ የእንጨት አመድ መጨመር ይረዳል፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። የእንቁላል ቅርፊት ቀብሮ ተአምር መጠበቅ የተለመደ ነው፤ ቅርፊቱ እስኪበሰብስ ግን ቲማቲሙ አፍርቶ አልቋል።

ርቀት፦ ለረጅሙ በተክሎች መካከል 60፣ በመስመሮች መካከል 90 ሴንቲ ሜትር፤ ለድንኩ 45 እና 75። ጠባብ ግቢ ያለው ሰው ይህን ርቀት ለመቀነስ ይፈተናል። አይቀንሱ፤ ቅጠል ቅጠልን ከነካ ጤዛው አይደርቅም፣ ጤዛ ካልደረቀ ምች ይገባል። ቦታ ያጠረው ሰው 20 ሊትር በሚይዝ ባልዲ ወይም ማዳበሪያ ውስጥ አንድ አንድ ድንክ ተክል ያሳድግ፤ ግርጌውን መብሳት ሳይረሳ።

ቲማቲም ከሌላው አትክልት የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው፦ የተቀበረው ግንድ ሁሉ ሥር ያወጣል። ስለዚህ የታችኛዎቹን ቅጠሎች ቆርጠው የግንዱን ሁለት ሦስተኛ ይቅበሩ። ግንዱ ረጅም ከሆነ በጥልቀት ሳይሆን በጎን አጋድመው ጫፉን ብቻ ቀና ያድርጉት፤ የላይኛው አፈር ይሞቃልና ሥሩ ይፈጥናል። የሚተከለው ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ወይም በደመናማ ቀን ነው። ወዲያው ለአንዱ ሁለት ሊትር ውሃ ይስጡ።

በነጋታው ችግኙ ከግርጌው ተቆርጦ አጠገቡ ወድቆ ካገኙት ሥራው የቆራጭ ትል ነው፤ ሌሊት ወጥቶ ቆርጦ ቀን አፈር ውስጥ ይተኛል። በተቆረጠው ዙሪያ አፈሩን በጣት ቢጭሩ ተጠቅልሎ ያገኙታል። መከላከያው ቀላል ነው፦ አፍና ቂጡ የተቆረጠ ሃይላንድ እንደ አንገትጌ አጥልቆ 3 ሴንቲ ሜትር መሬት ውስጥ መስደድ።

ድጋፍና መግረዝ

ለረጅሙ ዓይነት 2 ሜትር የሆነ ቀርከሃ ወይም የባሕር ዛፍ አጠና በተከላው ቀን ይትከሉ፤ 50 ሴንቲ ሜትር መሬት ይግባ። በኋላ የሚተከል እንጨት ሥር ይበጥሳል። ማሰሪያው የጨርቅ ቅዳጅ ይሁን፤ ናይሎን ግንዱን ይከረክራል። በ8 ቁጥር ቅርጽ፣ በግንዱና በእንጨቱ መካከል መላወሻ ትተው ይሰሩት።

በግንዱና በቅጠሉ መካከል ካለው ብብት አዲስ ቡቃያ ይወጣል። ካልተነካ ራሱ ግንድ ሆኖ ያድግና ተክሉ ጫካ ይሆናል። 5 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ በጣት ይቀንጥሱት፤ ከመጀመሪያው የአበባ ዘለላ ሥር ያለውን አንዱን ብቻ በመተው በሁለት ግንድ ማሳደግ ለጓሮ ይመቻል። ቅንጠሳው ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ ይሁን፣ ቁስሉ ቶሎ እንዲደርቅ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ አይንካው፤ የትምባሆ ቫይረስ ወደ ቲማቲም በእጅ ይተላለፋል። ድንኩን ዓይነት አይግረዙ፤ የቆረጡት ቅርንጫፍ የሚያፈራው እሱ ነበር።

የታችኛዎቹን ቅጠሎች እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ማንሣት ከአፈር የሚረጭ በሽታን ይቀንሳል። ከዚያ ወዲያ ግን እጅዎን ይሰብስቡ። «ፀሐይ እንዲያገኝ» ብሎ ፍሬውን ከቅጠል ማራቆት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ፍሬው በፀሐይ ሳይሆን በሙቀት ነው የሚበስለው፣ የተራቆተው ፍሬ ትከሻው ላይ ነጭ የወረቀት መሳይ ጠባሳ ያወጣል።

ውሃ

ከተተከለ በኋላ ለሚበላሸው አብዛኛው ነገር መነሻው ውሃ ነው፤ ማነሱ ሳይሆን መዘባረቁ። ጣትዎን 5 ሴንቲ ሜትር ያስገቡ፤ እርጥበት ካለ ይተዉት፣ ከደረቀ ለአንድ ትልቅ ተክል 3 ሊትር ቀስ እያለ ግርጌው ላይ ያጠጡ። በደረቅ ወቅት ይህ በየሁለት ወይም ሦስት ቀኑ ይመጣል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርጨት ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል። ጠዋት ያጠጡ፤ ቅጠሉን አያርጥቡ።

የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ሃይላንድ መፍትሔ ነው። ክዳኑን በመርፌ ሁለት ቦታ በስተው፣ ቂጡን ቆርጠው፣ በአፉ ደፍተው ከግንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ራቅ አድርገው ይቅበሩትና ይሙሉት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካለቀ ቀዳዳው ሰፍቷል። መሬቱን ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የጤፍ ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ያልብሱት፤ ግንዱን ግን አያስነኩት።

የፍሬው ቂጥ ጠቁሮ እንደ ቆዳ ሲሰረጉድ ሰው መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። በሽታ አይደለም። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚደርሰው ከውሃ ጋር ነው፤ አፈሩ አንዴ ደርቆ አንዴ ሲጥለቀለቅ ካልሲየም በአፈሩ ሞልቶ እያለ ፍሬው ጫፍ ላይ ይጠፋል። ሞላላዎቹ የሮማ ወገኖች ይብስባቸዋል። የጠቆረውን ፍሬ ቆርጠው ይጣሉ፣ ውሃውን ያስተካክሉ፤ ቀጣዮቹ ዘለላዎች ደህና ይሆናሉ። ዩሪያ ማብዛትም ያባብሰዋል። የፍሬ መሰንጠቅም የዚሁ ወንድም ነው፦ ከድርቀት በኋላ ድንገት ብዙ ውሃ ሲያገኝ ሥጋው ከቆዳው ቀድሞ ያብጣል። ነባር ዝርያዎች ቆዳቸው ስስ ስለሆነ ቶሎ ይሰነጠቃሉ።

ማዳበሪያን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው ፍሬ ብይ ሲያክል ሁለት እፍኝ ኮምፖስት በዙሪያው መጨመር፣ ከወር በኋላ መድገም በቂ ነው። ዩሪያ ካስፈለገ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ አይለፍ፤ ከግንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ውሃ ተከትሎት። አረንጓዴው አምሮ አበባ የሌለው ተክል ካዩ ዩሪያ በዝቶበታል።

አበባው ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ መነቅነቅ ብቻ ይፈልጋል። ንብና ንፋስ በማይደርስበት ግቢ፣ ከጠዋቱ 4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ድጋፉን በጣት ኳ ኳ ያድርጉት። በብርድ ወቅት በየቀኑ ቢያደርጉት ያዋጣል።

ተባይና በሽታ

ቱታ አብሶሉታ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ብዙ አገር የዞረ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ መግባቱ በ2012 እ.ኤ.አ. የታወቀ የእሳት ራት ነው። ትሉ በቅጠሉ ሁለት ገጽ መካከል ገብቶ ሥጋውን ይበላል፤ ቅጠሉ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ሰፊ ጠፍ ይታያል፣ ውስጡም ጥቁር ኩስ አለ። መስመሩ እንደ እባብ የተጠማዘዘና ቀጭን ከሆነ ሌላ ተባይ ነው፣ ብዙም አያስጨንቅም። ቱታ ፍሬውን የሚበሳው ከአናቱ፣ ከአረንጓዴው ቆብ ሥር ነው፤ ቀዳዳው የመርፌ ያክላል። በጥቂት ተክል ላይ ትልቁ መሣሪያ ዓይን ነው፦ በሳምንት ሁለት ጊዜ የተጠቁትን ቅጠሎች ለቅመው በጥቁር ፌስታል አስረው ፀሐይ ላይ ያውሉ። ኮምፖስት ውስጥ አይጨምሩ፤ ትሉ እዚያው አድጎ ይወጣል። የኒም ዛፍ በሚገኝበት አካባቢ 50 ግራም የተፈጨ የኒም ፍሬ በአንድ ሊትር ውሃ አሳድረው፣ አጥልለው፣ ጥቂት ሳሙና ጨምረው ሲመሽ በየሳምንቱ ይርጩ።

ፍሬው ላይ ሰፊ ክብ ቀዳዳና ወፍራም ትል ካገኙ ጓይ ትል ነው፤ ለቅመው ይግደሉት። በደረቅ ወቅት ቅጠሉ ነሐስ መስሎ ከሥሩ ቀጭን ድር ካለው ቀይ ሸረሪት ነው፤ ጠዋት የቅጠሉን ሆድ በኃይለኛ ውሃ ማጠብ ይቀንሰዋል (ቅጠል በውሃ የሚታጠብበት ብቸኛው ጊዜ)። ነጭ ዝንብ የሚያመጣው ቫይረስ ጫፉን አጨማዶ ቢጫ ያደርገዋል፤ የዚህ መፍትሔ መንቀል ብቻ ነው።

ምች ግን አለ፣ ሌላውን ሁሉ የሚያስረሳ። ዝናብና ብርድ ሲገጥሙ ቅጠሉ ላይ የፈላ ውሃ የነካው የሚመስል ጥቁር ጠቃጠቆ ይወጣል፤ በማለዳ ቅጠሉን ቢገለብጡ በዳሩ ነጭ ሻጋታ አለ፤ ፍሬውም ቡናማና ጠንካራ ጠባሳ ያበጃል። በአንድ ሳምንት ውስጥ መደቡን ሁሉ ሊጨርስ ይችላል። የተጠቃውን ያለ ርኅራኄ ነቅለው ያቃጥሉ ወይም በጥልቅ ይቅበሩ። መዳብ ያለባቸው መድኃኒቶች አስቀድመው ከተረጩ ይከላከላሉ፣ ከያዘ በኋላ አያድኑም። ከሁሉ የሚሻለው ከላይ ነጭ ላስቲክ ጣሪያ ማድረግ፣ ጎኑን ክፍት መተው ነው። ከታች ቅጠሎች የሚጀምር፣ ክብ በክብ ውስጥ ያለበት ቡናማ ነጥብ ሌላ በሽታ ነው፤ ቅጠሎቹን እየቀነሱ አብሮ መኖር ይቻላል።

አንድ ተክል አረንጓዴ እንደሆነ በድንገት ከጠወለገና ውሃ ካልመለሰው ግንዱን ከግርጌው ቆርጠው ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ያንጠልጥሉት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከቁራጩ ወተት የመሰለ ክር ወደ ታች ከወረደ የባክቴሪያ አጠውልግ ነው። ተክሉን ከነአፈሩ ያስወግዱ፤ በዚያ ቦታ ለዓመታት የቲማቲም ዘመድ አይትከሉ፣ መኮትኮቻውንም ሳይታጠብ ወደ ሌላ መደብ አያሻግሩ።

መልቀምና ዘር ማውጣት

ለምግብ የሚሆነው ፍሬ ቂጡ ላይ ሮዝ ቀለም ሲያሳይ ሊለቀም ይችላል፤ ቤት ውስጥ ይቀላል፣ ጣዕሙም ብዙ አይጓደልም፣ ከወፍና ከስንጥቅ ይተርፋል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ግን አያስገቡ፤ ብርዱ ጣዕሙን ይገድለዋል።

ለዘር የሚሆነው እንዲህ አይደለም። ገና ከአበባው ጊዜ ጀምሮ እያዩ ተክሉን ይምረጡ እንጂ ፍሬውን አይምረጡ፦ ትልቁ ፍሬ የታየበት ሳይሆን ቀድሞ ያፈራ፣ ምች ያልደፈረው፣ ዘለላው የሞላ ተክል። የተቻለ እንደሆነ ከሦስት ተክል ያላነሰ፤ ቀይ ክር ይሰሩባቸው፣ ልጆች እንዳይቀጥፉ። መልኩ ከሌሎቹ የተለየ ተክል ካለ ዘሩን አይውሰዱ።

ቲማቲም ራሱን ስለሚያዳቅል ሁለት ዝርያ በ3 ሜትር ርቀት ቢተከል መደባለቁ ጥቂት ነው። እንደ ብራንዲዋይን ያሉ ቅጠላቸው የድንች የሚመስልና ፍሬያቸው ግዙፍ የሆኑ ነባር ዝርያዎች ግን የአበባቸው እንስት ክፍል ወደ ውጭ ስለሚወጣ ንብ በቀላሉ ያዳቅላቸዋል። ለእነሱ ያረጀ ነጠላ ቆርጠው ትንሽ ከረጢት ይስፉ፤ ዘለላው ሳይከፈት ያልብሱት፣ በየቀኑ ነቅነቅ ያድርጉት፣ ፍሬው ሲቋጥር አውልቀው በክር ምልክት ያድርጉበት።

ለዘር የተመረጠውን ፍሬ ተክሉ ላይ እስኪለሰልስ ይተዉት። ከሁለት ቆርጠው ዘሩን ከነጭማቂው ብርጭቆ ውስጥ ይጭመቁ። እያንዳንዱ ዘር እንደ ተልባ የሚያዳልጥ ልባስ አለው፤ ይህ ልባስ ዘሩ ቲማቲሙ ውስጥ እያለ እንዳይበቅል የሚከለክል ነው፣ መወገድ አለበት። አፉን በስስ ጨርቅ ሸፍነው ለ2 ወይም 3 ቀን፣ በብርድ አገር እስከ 5 ቀን ይቡካ። በቀን አንዴ ያማስሉት። ይሸታል፤ ከኩሽና ራቅ ያድርጉት። ላዩ ላይ ነጭ ሻጋታ ሲያነጥፍና ዘሩ ወደ ታች ሲዘቅጥ ደርሷል። ከዚህ ካለፈ ዘሩ እዚያው ማቆጥቆጥ ይጀምራል። ውሃ ጨምረው የሚንሳፈፈውን ይድፉ፤ ገለባ ነው። የዘቀጠውን በማጥለያ አጥበው በሸክላ ወይም በመስታወት ሳህን ላይ ስስ አድርገው ያስጡ። ሶፍትና ጋዜጣ ላይ ካሰጡት ይጣበቃል። ፀሐይ ሳይሆን ነፋሻ ጥላ፤ በቀን ሁለት ጊዜ በጣት እየፈለፈሉ ለአንድ ሳምንት። ጥፍር ሲጫኑት ከመታጠፍ ይልቅ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል።

የወረቀት ፖስታ ላይ የዝርያውን ስም፣ የተለቀመበትን ወርና ዓመት፣ የወጣበትንም መደብ ይጻፉ። ፖስታዎቹን ክዳኑ በሚገጥም የመስታወት ዕቃ ውስጥ ያስገቡ፤ እርጥበት እንዲጠጣ በጨርቅ የተቋጠረ ሁለት ማንኪያ የዱቄት ወተት አብሮ ይግባ፣ በየስድስት ወሩም ይቀየር። ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ከ4 እስከ 6 ዓመት ይቆያል። ዕቃውን ከማቀዝቀዣ ካወጡት ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ሳይከፍቱ ይጠብቁ፤ አለዚያ ላቡ ዘሩ ላይ ያርፋል።